ከመስመሩ በታች

ይድረስ ለጓደኛዬ እናት፣ ለእማማ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሲወርዱ ከሱቃችን መስኮት አይቼዎታለሁ። ባልዲውን መጀመሪያ አስቀድመው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ አንድ አንድ እግር ነበር የወረዱት። ልቀበልዎ ብዬ በሩ ድረስ ወጣሁና ተመለስኩ። መንገድ ብቻ እየለየን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምዎ አይቀርም። የእኔን ነገር ከጠየቁኝ፣ ምግብና እንቅልፍ እምቢ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን የሚያነቡልዎ ዘበኛው ጋሽ መነጽር እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ለእሳቸው የሰጠሁት እኔ ነኝና። ለምን ለእሳቸው እንደሰጠሁ በኋላ እነግርዎታለሁ። «ለዚህ ዘበኛ ደብዳቤ ከማስነበብ በድምፅ ማጉያ ማስነገር ይሻላል» ይሉኝ እንደነበር አልረሳሁም፣ እማማ። ጋሼ፣ እርስዎም ይቅርታ ያድርጉልኝ። እባክዎ በር ላይ አያንብቡት፤ ዕቃ ቤት ገብታችሁ፣ ዘግታችሁ ይሁን።

እማማ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋብዎ ይህችን ብቻ ይያዙልኝ፦ ቅዳሜ አይሂዱ። የአውቶቡሱን ቲኬት ይመልሱት። የነርሶች ኮሌጁ በር ላይ ቆመው የልጅዎን ስም ቢናገሩ፣ እዚያ ስሟን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርዎ። አፌ ያልቻለውን እጄ ይችል እንደሆነ ልየው።

ነገሩ የጀመረው በሰሌዳው ነው። ትምህርት ቤቱ ሃያ ዓመት ሞላው ተብሎ፣ በሩ አጠገብ ባለ መስታወት ሰሌዳ ይሰቀል ተባለ። እርስዎ በየጠዋቱ የሚወለውሉት ማለቴ ነው። ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ስንቴ አንብቤልዎታለሁ፦ «የቀድሞ ተማሪዎቻችን ዛሬ የት ናቸው?» ጸሐፊዋ ለእያንዳንዱ ልጅ ባለው አድራሻ ካርድ ላከች። የተመለሱትን ካርዶች ደግሞ በአንድ ፖስታ ጠቅልላ ፎቶ ኮፒ ቤታችን አመጣችና፣ «የአንቺን ክፍል ልጆች አንቺው ተይቢልኝ፤ ፊታቸውን ታውቂያለሽ» አለችኝ። ከሃያ ስምንታችን የመለሱት አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

እማማ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ነው ያነበብኩልዎ። ካርዶቹ ላይ የነበረውን ግን አላነበብኩልዎም። ሬዲዮ የምንለው ለፍላፊ ልጅ ትዝ ይልዎታል? እርስዎ ያጠቡትን ኮሪደር በጭቃ ጫማ እየረገጠ «ይቅርታ እማማ፣ እየበረርኩ ነበር» የሚልዎ። አሁን መናኸሪያ ነው ያለው። ካርዱ ላይ «ተሳፋሪ እጣራለሁ፤ በመጨረሻ ጩኸቴ እንጀራ ሆነኝ» ብሎ ጽፏል። ጸሐፊዋ ይህን አንብባ «በትራንስፖርት ዘርፍ የተሰማራ» በይው አለችኝ። አስተማሪ ሲወጣ የረባሽ ስም ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው የክፍል አለቃችን፣ አንድ ሕንፃ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ይፈትሻል። እሱን «በፀጥታ ሙያ ላይ ያለ» አልነው። ጽሑፏ እንደ መጽሐፍ የሚያምረው ልጅ ዓምና አግብታ ወልዳለች፤ በዚያ በሚያምር ጽሑፏ «ልጄን አጠባለሁ» ብላ ጻፈች። «በሕፃናት እንክብካቤ» ሆነች። አንዱ ደግሞ ካርዱ ላይ ያለችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ምንም»። ጸሐፊዋ ብዙም አላሰበችበትም። «በግል ሥራ» አለች።

በትክክል የተጻፈለት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጅ ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ውጤት እየጠበቀ ነው። ለዚያ ነው ፎቶው መሐል ላይ ትልቅ ሆኖ የተለጠፈው።

ለእኔ ካርድ አልተላከልኝም። መንገድ ለመሻገር ቴምብር ምን ያደርጋል? «አንቺን የኮምፒውተር ባለሙያ ብንልሽስ?» አለችኝ። ስለ ራሴ ሲነገር አንገቴን መድፋት ልማዴ ስለሆነ፣ እሺ ያልኩ መሰላት። በገዛ እጄ ተየብኩት። አሠሪዬ ይህን ካየ ወዲህ፣ «ባለሙያዋ፣ ማሽኑ ወረቀት ነክሷል፤ እስቲ በሙያሽ አውጪው» እያለ ደንበኛ ፊት ይስቅብኛል። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ካርዶቹን ጨርሼ ሳስረክብ ግን ሳቁ ቀረ። ስምንተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ ብለውን ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ነበር። ከዚያ ቀን አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

ጸሐፊዋ ያስጠነቀቀችኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ባዶ ቦታ አልፈልግም። ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው» አለች። በልጅዎ ፎቶ ላይ ጣቷን አድርጋ «የዚህችስ? አንደኛ ትወጣ የነበረችው?» ስትለኝ፣ «ነርስነት እየተማረች ነው» አልኩ። በዚያ ክፍል እጇን አውጥታ የተናገረችው እሱን ስለነበረ ነው ከአፌ የወጣው። ጸሐፊዋ ደስ አላት። «አየሽ፣ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ በነፃ አስተምረን እዚህ አደረስን» ብላ ከመድኃኒት ቤቱ ልጅ አጠገብ አደረገቻት።

ሰሌዳው በተሰቀለ ማግሥት እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ከልጅዎ ፎቶ በታች ያለውን እንዳነብልዎ ፈልገው ነው። የልጅዎ ድምፅ ከጠፋብዎ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። አነበብኩልዎ። መወልወያዎን ጣሉና ሁለት ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። «ለካ እየተማረች ነው! ለካ ጊዜ አጥታ ነው!» እያሉ ለሰው ሁሉ ተናገሩ። የት ነው የምትማረው ሲሉኝ፣ የመመዝገቢያ ቅጹን ሱቃችን ውስጥ የማባዛውን ኮሌጅ ነገርኩዎ፤ ሌላ የማውቀው ኮሌጅ ስለሌለ ነው።

ይሄን ሁሉ እንደያዝኩ እዘልቀው ነበር መሰለኝ፣ ባለፈው ሰኞ ያንን ጫማ ይዘው ባይመጡ።

«ነርስ ነጭ ነው አይደል የሚያደርገው?» አሉኝ። ከካርቶኑ አወጡት። «የእሷ እግር ከአንቺ እኩል ነበር፤ እስቲ አግቢው ዓይኔ።» እኔ አፈርኩ፤ ካልሲዬ ተቀዶ ነበር። እርስዎ ግን በዚያ በማይታጠፍ ጉልበትዎ ኮፒ ማሽኑ ሥር ተንበርክከው እግሬን ያዙ። ማሰሪያውን አስረው፣ በአውራ ጣትዎ ጫፉን ተጭነው፣ «ትንሽ ትርፍ አለው፤ ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ስትቆም እግሯ ያብጣል» አሉ። ደግሞ «ተራመጂበት» አሉኝ። ከማሽኑ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። አዲስ ስለሆነ ይጮኻል። ሄጄ ተመለስኩ። እርስዎ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ወደ ላይ ያዩኝ ነበር፤ ያዩ የነበረው ግን እኔን አይደለም።

ያን ዕለት እነግርዎታለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣኝ «ልክ ነው» የሚል ነው።

አሁን ስለ መስመሩ ልንገርዎ።

ልጅዎ ወደ ክር ፋብሪካው እንደሄደች በስልክ ሞክራችሁት ነበር። በእኔ ስልክ ትደውላለች፤ እርስዎ ድምፅዋን ሲሰሙ ያለቅሳሉ፤ እሷም ታለቅሳለች፤ ካርዱ ያልቃል። «እማዬ በስልክ አትሆንም፤ ደብዳቤ ይሻለናል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤዋ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሳጥን ይመጣል፤ እርስዎ እርጥብ እጅዎን በጋዋንዎ እየጠረጉ መንገዱን ይሻገራሉ፤ በርጩማዋን አወጣልዎታለሁ። «ነይ እስቲ ዓይኔ፣ ምን ትለኛለች?» ይሉኛል። ከእርስዎ በቀር ዓይኔ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። አክስቴ የምትጠራኝ «አንቺ» ብላ ነው።

ደብዳቤዎቹ ወገባቸው ላይ መስመር ነበራቸው። በማስመሪያ ቀጥ ብሎ የተሰመረ መስመር ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለን የደብተራችንን ገጽ ለሁለት የምንካፈልበት ዓይነት። ከመስመሩ በላይ ያለው የእርስዎ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው የእኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ከታች የሚጻፈው ቀልድ ነበር፤ ተቆጣጣሪያቸው እንዴት እንደሚራመድ፣ አብራት ያለችው ልጅ በእንቅልፍ ልቧ እንዴት እንደምትዘፍን። በኋላ ሌላ ነገር መጣ። በሌላ ሰው መታወቂያ፣ ዕድሜዋን አስጨምራ እንደተቀጠረች የነገረችኝ እዚያ ነው። የማታ ትምህርቱን በሁለተኛው ወር እንደተወችው የነገረችኝም እዚያ ነው። እኔ መስመሩ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ «አበቃ» እልዎታለሁ። አንድ ቀን ግን ከእጄ ወስደው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና፣ «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ይህችን ብቻ ነው የሚለው?» አሉኝ። «ፊደሏን ታሰፋዋለች» አልኩዎ። አመኑኝ። ልጅዎ ያኔም ሆነ በኋላ ፊደሏ ጤፍ ያህል ነበር።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከመጣ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ከመስመሩ በላይ «ደህና ነኝ፤ ደመወዝ ጨምረውልኛል» ይላል። ከመስመሩ በታች ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንድም ሳላጎድል እጽፍልዎታለሁ።

«ደረቴን ያመኛል። የጥጡ ብናኝ ነው ይላሉ። ሳል ጀምሮኝ ነበር፤ አሁን ደም እየቀላቀለ ነው። ለእማዬ ቀስ አድርገሽ ንገሪልኝና መጥታ ትውሰደኝ። እኔ ራሴ እንዳልጽፍላት አፈርኩ፤ ለሰው ሁሉ ልጄ አንደኛ ናት እያለች ነው። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

እኔ አላውቅበትም እማማ። አንድ ሰው ሲያየኝ ቃል የሚጠፋብኝ ልጅ እንደሆንኩ እሷም ታውቅ ነበር። ያን ዕለት ሱቁ የፈተና ወረቀት በሚያባዙ ተማሪዎች ተሞልቷል፤ አሠሪዬ «ፍጠኚ እንጂ» ይለኛል። የላይኛውን አነበብኩልዎ። እርስዎ «ጨመሩላት!» ብለው ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝና እየሮጡ ለመምህራን ሊነግሩ ሄዱ። በዚያ ጉልበት ሮጡ። ነገ እነግርዎታለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ አዲስ ሻሽ አስረው መጡ። በጣም ደስ ያለዎት ቀን ነበር። ሌላ ቀን አልኩ። ሌላው ቀን ደግሞ አሞዎት ነበር።

መልስ ያጻፉኝን ቀን ያስታውሱታል? «በርቺ፣ ራስሽን ጠብቂ፣ ብርድ ልብስ ደርቢ» ብለው ነበር። ያሉኝን ሁሉ ጻፍኩ። ከዚያ መስመር አሰመርኩና ከታች የራሴን ጨመርኩ፦ «ትንሽ ታገሺ። ጥሩ ቀን ጠብቄ እነግራቸዋለሁ።» መልስ አልመጣም። እኔ የተቀየመችኝ መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ መቀየሟን የፈለግኩት ይመስለኛል፤ የተቀየመ ሰው አለ ማለት ነው።

አንድ የባሰ ነገር አለ። ዝም ያልኩት በማፈር ብቻ እንደሆነ ለራሴ ስነግረው ከርሜያለሁ፤ ሙሉ እውነት አይደለም። እሷ ከመጣች በርጩማዋ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም። ደብዳቤ አይኖርም። የራሷ ዓይን ያላት ልጅ ቤትዎ ገብታ፣ እኔ እንደገና «አንቺ» እሆናለሁ። ይህን ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ ማለቴ አይደለም። ግን ውስጤ ነበር። ውስጤ እንደነበር የማውቀው አሁን ስጽፈው እጄ ስላልተገረመ ነው።

ከአሥራ ዘጠኙ ካርዶች አንዱ የልጅዎ ነው። ወደ ፋብሪካው መኖሪያ ተልኮ ተመልሷል። ከፊቱ ያለው «ዛሬ የት ነዎት?» የሚለው መስመር ባዶ ነው። ከጀርባው በእርሳስ ተጽፏል፤ የእሷ ጽሑፍ አይደለም። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ እንጂ አያቁሙ።

«እዚህ መኖሪያው ውስጥ አንድ መኝታ ክፍል አብሬያት የነበርኩ ነኝ። ለቤተሰቧ ብለን የላክነው መልእክት መታወቂያው የሌላ ሰው ስለሆነ ወደማትታወቅበት ቦታ ሄዶ ቀረ። የክፍላችን ልጆች ሆነን እኛው ሸኝተናታል፤ ሰው አልጎደለባትም። እስከ መጨረሻው እናቴ ትመጣለች ትል ነበር። አልጋዋን ለሌላ ሠራተኛ ሰጥተውታል። ልብሷና ማስመሪያዋ በላስቲክ ታስሮ እኔ ጋ አለ።»

ቀኑንም ጽፋዋለች። ሱቃችን ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በጣቴ ቆጠርኩት። «መጥታ ትውሰደኝ» ካለችበት እስከዚያ ቀን አራት ወር ነው። አውቶቡሱ የሚፈጀው አንድ ቀን ነው።

ካርዱን አሠሪዬ እንዳያየው ቀለም የምናስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጸሐፊዋ «የዚህችስ?» ብላ የጠየቀችኝ፣ መሳቢያውን ዘግቼ ቀና ስል ነው።

እንግዲህ ለምን ለጋሽ መነጽር እንደሰጠሁት ልንገርዎ። እርስዎ ደብዳቤ ሲደርስዎ ወደ እኔ ነው የሚያመጡት። ይህንንም ያመጡልኝ ነበር። በርጩማዋን አወጣልዎታለሁ፤ «ነይ እስቲ ዓይኔ» ይሉኛል፤ እኔም ይህን ወረቀት ከፍቼ፣ ዓይንዎን እያየሁ፣ «ጫማው ልክ ሆኖልኛል እማዬ፤ ፈተና ስላለብኝ ቅዳሜ አትምጪ» ብዬ አነብልዎ ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ የቀደድኩት ለዚህ ነው። ጋሽ መነጽር ግን ሲያነቡ መዝለል አይችሉም። በር ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ እሰማቸዋለሁ፤ «ወደ ገጽ አራት ዞሯል» የሚለውን ሳይቀር፣ የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ሳይቀር ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ተማሪዎቹ ይስቁባቸዋል። እኔም ስቄባቸው አውቃለሁ። ዛሬ በሰፈሩ ውስጥ የማምነው ሰው እሳቸው ብቻ ሆኑ።

ነገ ጠዋት መስታወቱን ሲወለውሉ ሁለት ባዶ ቦታ ያያሉ፤ አንዱ ከልጅዎ ፎቶ በታች፣ ሌላው ከእኔ በታች። ዛሬ መውጫ ሰዓት ላይ ጋሼን ቁልፍ ለምኜ ጽሑፎቹን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ ከተቆጣች እኔን ትቆጣ፤ እርስዎ አላየሁም ይበሉ።

ካርዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። አብራት የነበረችው ልጅ አድራሻ ጀርባው ላይ ነው። መሄድ ያለብዎት ወደዚያ ነው፤ ብቻዎን ግን አይሂዱ። እኔ ልምጣ አልልም፤ ከጎንዎ ልቀመጥ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። «ነይ» ካሉኝ ግን እመጣለሁ፤ ዕቃዎን እይዛለሁ፤ አልናገርም። ካላሉኝም መንገዱን ሲሻገሩ ከመስኮቱ እሸሻለሁ፤ እንዳያዩኝ።

እማማ፣ ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ዛሬ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻዎን አይተውዎ። ከእንግዲህ የሚያነብልዎ ሰው ሁሉ ያለውን እንዳለ የሚያነብ ይሁንልዎ።

ወረቀቱን ቢያገላብጡት ፊደሌ ትንንሽ ነው። መስመር ግን አላሰመርኩበትም። ከላይ እስከ ታች የእርስዎ ነው።

የልጅዎ የወንበር ጓደኛ፣
ዓይንዎ የነበርኩት